ሃያ ሦስት ነጥብ አራት

ቶኩጂ የሞተው አዲሱ ዓመት በብርዱ ወራት መሃል በገባ በአራተኛው ቀን ነው። የሳንባ ምች ይዞት ከተማ ሆስፒታል ሦስት ቀን ተኛ፤ በአራተኛው ጠዋት ሚስቱ ኪኑዮ ፊቱን በሙቅ ፎጣ እየጠረገችለት ሳለ ትንፋሹ ቀጥ አለ። ተቃጥሎ አጥንቱ በነጭ ማሰሮ ወደ ቤት ተመለሰ። አርባ ዘጠኝ ቀን እስኪሞላ አጥንቱ ቤት ውስጥ ካለው የሙታን መሠዊያ ፊት ይቀመጣል፤ እስከዚያ ድረስ መብራቱ አይጠፋም። ነፍስ መንገድ ላይ ናት፤ መብራት ከጠፋባት ትደናበራለች።

ሌላው ሰው ሻማ ያበራል። እነ ኪኑዮ ቤት ግን ሻማ በርቶ አያድርም፤ የቶኩጂ አባት ቤት የነደደው በሻማ ነው። የታችኛው ቤተ መቅደስ መነኩሴም “ብርሃን ብርሃን ነው፤ አምፖል ይበቃል” ብለው አሳርፈዋታል። ስለዚህ መሠዊያው ላይ አንዲት ትንሽ አምፖል ትበራለች።

ልጃቸው ሺንያ ከሂሮሺማ መጥቶ የለቅሶውን ሥርዓት ጨረሰና ጫማውን እያሰረ እንዲህ አላት፦

“እማዬ፣ ብቻሽን እዚህ ገደል ውስጥ ልትቀሪ ነው?”

“ገደሉን ዛሬ ነው ያየኸው? እዚሁ ተወልደህ።”

“አባዬ ነበራ ያኔ። ማሽኑን እሱ ነበር የሚያውቀው።” ገመዱን አጠበቀ። “አርባ ዘጠኙ ይውጣ። ያን ቀን መጥቼ አያለሁ። መብራትሽን ራስሽ ማስተዳደር ከቻልሽ ትኖሪያለሽ፤ አፌን እዘጋለሁ። ካልቻልሽ ግን አብረን እንወርዳለን።”

“እሺ።”

“እሺ ማለትሽ ነው ወይስ ዝም በል ማለትሽ?”

“ሁለቱንም።”

እንዲህ ተባብለው ተለያዩ። ኪኑዮም ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን አምፖል እንደ ዓይኗ ብሌን ትጠብቅ ጀመር፤ ለሟቹም ለራሷም።

ቤቱ የሸለቆው መጨረሻ ላይ ነው። ድሮ ሰባት ቤት ነበር፤ የመብራት ምሰሶም ነበረው። አንድ ዓመት ጎርፍ መጥቶ መንገዱንም ምሰሶውንም ጠራርጎ ወሰደ። መንገዱ ተጠገነ፤ ለምሰሶው ግን የቀረው ሰው አነሰ፤ ስድስቱ ቤት ዕቃውን ጭኖ ወረደ። ቶኩጂ ብቻ አልወርድም አለ። “ምሰሶውን የወሰደው ውሃ ነው፤ መብራቱንም ውሃው ይመልስ!” ብሎ ከወንዙ ቧንቧ ስቦ በውሃ የሚዞር ዲናሞ አስገጠመ። ፎርክሊፍት የሚሉትን በባትሪ የሚሄድ ዕቃ ማንሻ ሲጠግን ዕድሜውን የፈጀ ኢዋኦ የሚባል ጓደኛ ከታችኛው መንደር ነበረው፤ እሱ ከአንድ መጋዘን የተጣሉ አሥራ ሁለት ባትሪዎች አመጣለት። ባትሪዎቹ ጎተራ ሥር ተደረደሩ። ከበላያቸው ግድግዳው ላይ ደግሞ መቆጣጠሪያ ሳጥን ተሰቀለ፤ የመዳፍ ስፋት ያላት፣ ቁጥር የምታሳይ፣ አራት ቁልፍ ያላት ሳጥን። ባትሪው ሲሞላ ትርፉን ወደ ገላ መታጠቢያው ውሃ ትልካለች፤ ሲጎድል ደግሞ የቤቱን መብራት ትቆርጣለች። ስንት ላይ ሞላ፣ ስንት ላይ ጎደለ የሚለውን ግን ሰው ነው የሚነግራት።

ኪኑዮ ሳጥኑን ነክታው አታውቅም። በአሥራ አምስት ዓመቷ ትምህርቷን ትታ ክር ፋብሪካ የገባች ሴት ናት፤ ቁጥር የሚባል ነገር ስታይ ዓይኗ ይሸሻል። ስምንት ዓመት ክር ስትቀጥል ቆይታ ቶኩጂን አገባችና ወደዚህ ሸለቆ መጣች። ዋሳቢ የሚሉትን አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሥር ከወንዝ ጠጠር መሃል ማብቀል አማቷ አስተማረቻት። ከዚያ ወዲህ አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ እጇ ከቀዝቃዛ ውሃ ወጥቶ አያውቅም። ውሃን በጆሮዋ ታውቃለች። ላይ ተራራው ላይ ዝናብ ከጣለ እሷ ታች ሆና ድምፁን ሰምታ ትናገራለች። የቧንቧው አፍ ላይ ያለውን ወንፊት በየጠዋቱ ከቅጠል የምታጸዳው እሷ ነበረች። “ውሃው የእኔ፣ ሳጥኑ የአንተ” ትለው ነበር፤ እንዲህ ተከፋፍለው ኖሩ።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ንጋት ላይ ስትነሳ መሠዊያው ጨልሟል።

ካልሲዋን እንዳደረገች ወደ ጎተራው ሮጠች። ላይ ተራራው ቆፈን ይዞት ወንዙ ቀጥኗል፤ ዲናሞው የሚያንኮራፋ ሽማግሌ መስሏል። ሳጥኑ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ቁጥሩ ሃያ ሦስት ነጥብ ሦስት ይላል። ሻማ ለኩሳ አጠገቡ ቁጭ አለች። ዓይኗን ከእሳቱ ሳትነቅል እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ጠበቀች፤ ከሰዓት በኋላ አምፖሏ በራሷ ጊዜ ቦግ አለች። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። ንጋት ላይ ጠፋች፤ ከሰዓት መጣች።

ሳጥኑ ሥር ቶኩጂ በእጁ ጽፎ የለጠፋት ወረቀት አለች። የትኛው ቁልፍ ተጭኖ ሲቆይ ወደ ቁጥሮቹ እንደሚያስገባ፣ የትኛው ከፍ የትኛው ዝቅ እንደሚያደርግ ጽፏል። ከታች ሦስት መስመር አለ፦ ሙሉ፣ ሃያ ስምንት ነጥብ ስምንት። መቁረጫ፣ ሃያ ሦስት ነጥብ አራት። መመለሻ፣ ሃያ አምስት ነጥብ ሁለት።

ኪኑዮ መነጽሯን አድርጋ ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ ቱግ አለች።

ሲሞላ ሃያ ስምንት ከሆነ ሃያ ሦስት ላይ ምን ጎደለውና ይቆረጣል? የሩዝ ማስቀመጫ ቢሆን ገና አፉ ድረስ ነው! ከሃያ ስምንት ስፍር አምስቱ ብቻ ነው የወጣው። ቶኩጂ እኮ የተጣመመ ሚስማር በመዶሻ እያቃና መልሶ የሚመታ፣ የጥርስ ሳሙና በጉጠት የሚጨምቅ ሰው ነበር። ይህም ያው ነው አለች። ወደ ቤት ገብታ ማሰሮው ፊት ተንበረከከችና፦

“አንተ ስስታም! ለራስህ መንገድ መብራት ትሰስታለህ? ሞተህም አይለቅህም?” ብላ ሰደበችው። ተመልሳ ወደ ጎተራው ሄደች፤ ቁልፉን ተጭና ቆየች፤ መቁረጫውን ወደ ሃያ ሁለት አወረደችው። ሳጥኗ እሺ አለች።

በማግሥቱ ንጋት ላይ አምፖሏ በርታ አገኘቻት።

እንዴት ደስ እንዳላት! ያን ቀን ስልክ ወደሚይዝበት ድልድይ ወርዳ ልጇ ጋ ደወለች።

“መብራቱስ?” አላት ሺንያ።

“ሌት ተቀን ይበራል። ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር፤ አስተካከልኩት።”

“ማን አስተካከለው?”

“ማን አለ እዚህ? እኔ ነኛ።”

“ጎሽ እማዬ” አለ። ልጇ እንዲህ ብሏት አያውቅም። ዳገቱን ስትወጣ እግሯ አልከበዳትም።

ከሳምንት በኋላ እንደገና ጠፋ፤ ወደ ሃያ አንድ አወረደችው። ከዚያ ሃያ። ቤት ውስጥ ያጠፋችው ነገር የለም፤ ብዙ አለ ብላለችና። ቶኩጂ ያደነው የከርከሮ ሥጋ ያለበት ማቀዝቀዣ ሌት ተቀን ያጓራል፤ የመኝታ ማሞቂያዋም እንደተሰካ ነው። አንድ ቀን ማቀዝቀዣው ጢጥ ጢጥ ብሎ በራሱ ዝም አለ። “ተወው፣ ሥጋው እንደሆነ ድንጋይ ሆኗል” አለችና አለፈችው። መጨረሻ ላይ ቁጥሩን አሥራ ዘጠኝ ላይ አደረሰችው። ሳጥኗ ከዚያ በታች አልወርድም አለች። አምፖሏ ቢጫ ሆናለች፤ ግን በርታለች። ኪኑዮም የቀሩትን ቀናት በጣቷ ትቆጥር ጀመር፤ አሥራ አራት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሁለት።

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ዋዜማ ሰማዩ ጠራ። የጠራ ሰማይ በብርድ ወራት ጥሩ አይደለም። ጠዋት ስትነሳ ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ እስከ ታች ረግቷል፤ መሠዊያው ጨልሟል። ጎተራው ውስጥ ስትገባ ሳጥኗ ቁጥር የላትም፤ ባዶ ናት። ጎንበስ ብላ ባትሪዎቹን አየች። የሦስቱ ጎን እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፍቷል፤ አንደኛው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ነጭ በረዶ በስንጥቁ ወጥቷል።

ከድልድዩ ላይ ደውላለት ኢዋኦ በማግሥቱ መጣ። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በረዶውን እየጣሰ ወጥቶ በሩ ላይ ሲደርስ ጢሙ ነጭ ሆኗል።

“ኪኑ-ሳን፣ ሻይ ሳትሰጪኝ አልሠራም፤ ቀድሜ ተናግሬያለሁ” አላት፤ ስሟን አሳጥሮ በአክብሮት እንዲህ ነው የሚጠራት።

“ባትሪዎቹን እይልኝና ሻይ ትጠጣለህ።”

“ቶኩጂ ሻይ ያስቀድም ነበር።”

“ቶኩጂ ሞቷል።”

ኢዋኦ ጎተራው ገባ። ጎንበስ አለ፤ የተሰነጠቀውን በጣቱ ነካ፤ ከዚያ የሳጥኗን ገመድ ነቅሎ ከራሱ ትንሽ ባትሪ ጋር አያያዛት። ቁልፎቹን ተጭኖ ቁጥሮቹን ሲያይ ቆይቶ ዞረ።

“አሥራ ዘጠኝ ያደረገው ማነው?”

“እኔ።”

“አሥራ ዘጠኝ?”

“አሥራ ዘጠኝ።”

የተገለበጠ የእንጨት ሣንዱቅ ስቦ ተቀመጠበት። “አንቺ ሴትዮ፣ ገደልሻቸው እኮ!”

“ሲሞላ ሃያ ስምንት ነው ይላል ወረቀቱ። ሃያ ሦስት ላይ ምን ጎደለውና ነው የሚቆርጠው? ገና ሙሉ አይደለም እንዴ?”

ኢዋኦ ሊስቅ አፉን ከፈተና ፊቷን አይቶ ተወው።

“ስሚኝ። ይሄ የሩዝ ማስቀመጫ አይደለም። የሰው ገላ ሙቀት ስንት ነው? ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ ሰባት። አንድ ሰው ሠላሳ አንድ ቢሆንብሽ፣ ‘ምን ሆነ፣ ሠላሳ አንድ ይቀረዋል’ ትያለሽ?”

“አይ። ይሞታላ።”

“እኮ። ሃያ አራት ማለት ደክሞታል ማለት ነው። ሃያ ሦስት ላይ ወለሉን እየፋቅሽ ነው። ከዚያ ወዲያ የምትወስጂው ከነፍሱ ነው። በዚያ ላይ የሞላ ባትሪ ውሃው አይረጋም፤ ባዶው ነው የሚረጋው። ቆርጦ ቢያሳድረው ኖሮ ይሄ ብርድ ምንም አያደርገውም ነበር። ንጋት ላይ ትንሽ ይጨልምብሽና ከሰዓት ይመለስልሽ ነበር፤ በየቀኑ። እስከ አርባ ዘጠኝ ብቻ አይደለም፤ ሌላ አምስት ዓመት።”

ኪኑዮ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ ሲረጋና ሲቀልጥ ያየች ሴት ናት፤ እዚህ ጎተራ ውስጥ፣ እነዚያ ባትሪዎች ሆድ ውስጥ፣ የሚረጋ ውሃ እንዳለ አላሰበችም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

“ስስታም ብዬ ሰደብኩት” አለች። “አጥንቱ ፊት ተንበርክኬ።”

“ስስታምስ ነበር” አለ ኢዋኦ። “በዚህ ግን አይደለም።” ጓንቱን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ። “ይሄን የገላ ሙቀቱን ነገር ከየት ያመጣሁት ይመስልሻል? እኔ እንዲህ ያለ ነገር አስባለሁ? እሱ ነው የነገረኝ። በመኸር እኛ ቤት መጥቶ፣ ‘ለኪኑዮ ሳጥኑን ላስተምራት ነው፤ ቁጥር ስል ትሸሻለች፤ በገላ ከሆነ ይገባታል፤ እናቴን ያስታመመች እሷ ናት፤ ቴርሞሜትር ታውቃለች’ አለኝ። ሲለማመደው ነበር፤ እኔ ላይ።”

ኪኑዮ ግድግዳው ላይ ያለችውን የእጅ ጽሑፉን አየች።

በመኸር ነበር፤ እውነቱን ነው። ቶኩጂ ሦስት ጊዜ ጠርቷታል። የመጀመሪያውን ቀን የዋሳቢውን ቅጠል በጨው ልትዘፈዝፍ እየቆረጠች ነበር፤ “ይጠወልግብኛል” አለችው። ሁለተኛውን ቀን እግሯን አሟት ነበር፤ ያን ያህል እንኳ አላመማትም። ሦስተኛውን ቀን ጎተራው በር ላይ ቆሞ “ኪኑዮ፣ ነይ እስኪ፣ ቁጥር አይደለም፣ ሌላ ነገር ነው የማሳይሽ” ሲላት፣ “ውሃው የእኔ፣ ሳጥኑ የአንተ፤ ስንት ጊዜ ልንገርህ?” ብላ ጮኸችበት። እሱ ሳቀ። “እሺ ጌታዬ” ብሏት ብቻውን ገባ። ሌላ ነገር ያለው ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችውም። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል፤ እሷ ግን የሚደርቅም የሚርቅም አልመሰላትም ነበር።

ሻዩን አፈላችለት። ከዚያ ኢዋኦ ጤነኞቹን ለየ፤ ከአሥራ ሁለቱ ስድስት ተገኙ፤ እነሱም ታመው የተረፉ ናቸው።

“ስድስቱን ይዘን ግማሽ መብራት እንሠራለን። አሥራ ሁለቱ ሃያ አራት ቮልት ነበሩ፤ ስድስቱ አሥራ ሁለት ይሆናሉ። አምፖሏን እቀይርልሻለሁ። አንድ መሠዊያው ላይ፣ አንድ ኩሽና፤ ሌላ ነገር የለም። ማቀዝቀዣውን እርሺው። ለነገሩ በዚህ አገር በዚህ ወር ማቀዝቀዣ የሚያበራ ሰው አንቺን አየሁ፤ ደጁ ሁሉ ማቀዝቀዣ ሆኖ!”

“አሁን ነው የምትነግረኝ?”

“ነይ፣ ቁጥሮቹን አንቺ አስገቢያቸው።”

“አንተ አስገባቸው።”

“እኔ ነገ የለሁም። ነይ።”

መነጽሯን አድርጋ መጣች። ቁልፉን ተጭና ቆየች። ሙሉ፣ አሥራ አራት ነጥብ አራት። መቁረጫው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

“የቶኩጂ ግማሽ ስንት ነው?” አለች።

“አሥራ አንድ ነጥብ ሰባት። እኔ ግን በሽተኞች ስለሆኑ አሥራ አንድ ነጥብ ዘጠኝ እላለሁ።”

አሥራ አንድ ነጥብ ዘጠኝ ላይ አደረገችው። ሳጥኗ እሺ አለች፤ ያን ጊዜ ወደ ሃያ ሁለት ስታወርደውም እሺ ብላ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አምፖሏ በየንጋቱ ትጠፋለች፤ ከሰዓት ትመጣለች። ስትጠፋ ኪኑዮ ሻማ ለኩሳ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ ወንፊቱን ለማጽዳት ስትወጣ ሻማውን እፍ ትላለች፤ ስትመለስ ትለኩሳለች። ስድብ ተወች። “ባትሪው ራሱን እየጠበቀ ነው፤ ታገሥ” ትለዋለች ማሰሮውን።

በአርባ ዘጠነኛው ቀን ሺንያ ጥቁር ልብሱን ለብሶ በጠዋት ደረሰ። አጥንቱን ይዘው ታች ወዳለው ቤተ መቅደስ ሊወርዱ ነው። ገብቶ መሠዊያው ፊት ተቀመጠ፤ ቀና ሲል አምፖሏ ጠፍታለች፤ ሻማውም አልተለኮሰም፤ ኪኑዮ ገና ከወንፊቱ መመለሷ ነው፤ እጇ ቀልቷል።

“እማዬ፣ አባዬ በጨለማ ነው እንዴ ያለው?”

“ከሰዓት ይመለሳል። ባትሪው ራሱን እየጠበቀ ነው።”

“ከሰዓት እኮ እዚህ የለም! አሁን ነው ይዘነው የምንወርደው። ሌት ተቀን ይበራል አላልሽኝም?”

ሁሉንም ነገረችው፤ ሃያ ሦስቱን፣ አሥራ ዘጠኙን፣ የተነፉትን ሦስቱን። ተነስቶ ጎተራውን አይቶ ተመለሰ። ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ዘጋ።

“ታዲያ ያቺን ቁጥር ትንሽ ዝቅ አድርጊያታ። ለዛሬ ብቻ። እስክንወጣ። ከቤቱ ሲወጣ መብራት ይኑረው።”

“አይሆንም።”

“አንድ ሰዓት እኮ ነው፣ እማዬ!”

“እንዲህ ብዬ ነው ስድስቱን የጨረስኩት” አለች። ሻማውን ለኮሰች። እስኪይዝላት ሁለት ክብሪት ሰበረች። ሺንያ አባቱን አቅፎ በሻማ ብርሃን ወጣ፤ እሷም እሳቱን እፍ ብላ ተከተለችው።

መኪናው ድልድዩን ተሻገረ።

“ተነጋግረን ነበር፤ ካልቻልሽ አብረን እንወርዳለን ብለን” አለ ልጇ። ድምፁ የሚገፋ ድምፅ አልነበረም፤ እሱም የደከመው ይመስላል።

“አዎ፣ ተነጋግረናል። ዋሳቢውን ልንቀለው፤ በረዶው ሲቀልጥ እመጣለሁ።”

ትከራከራለች ብሎ ጠብቆ ነበር መሰል ዞር ብሎ አያት። አልተከራከረችም። ምን ብላ ትከራከራለች?

በረዶው ቀለጠ። ወንዙ ሞላ፤ ስድስቱ ባትሪዎች እንኳ እስኪጠግቡ ድረስ ሞልተው ትርፉ የመታጠቢያውን ውሃ ማሞቅ ጀመረ። ኪኑዮ በዚያ ሙቅ ውሃ አምስት ቀን ታጠበች። ዋሳቢውን ነቀለች፤ ችግኙን ለታችኛው መንደር ሰዎች ሰጠች። በስድስተኛው ቀን ኢዋኦ ትንሿን የጭነት መኪናውን ይዞ መጣ፤ የቧንቧውን አፍ ዘጉ፤ ሳጥኗን ከግድግዳው ነቀለ።

“ትፈልጊያታለሽ?” አላት።

“ሂሮሺማ ምን ላደርግባት? ውሰዳት።”

ገመዱን እየጠቀለለ፣ “በአርባ ዘጠኙ ዕለት ሺንያ ተቆጥቶ ነበር አሉ” አለ።

“ለአንድ ሰዓት ዝቅ አድርጊው ብሎኝ እምቢ ብዬው ነው። አባቱ በጨለማ ወጣ።”

ኢዋኦ መጠቅለሉን አቆመ። “ለአንድ ሰዓት? አንዲት አምፖል? ምንም አይሆንም ነበር እኮ፣ ኪኑ-ሳን። ለአንድ ሰዓት ምንም አይሆንም።”

ኪኑዮ አየችው።

“ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?”

“አልጠየቅሽኝማ።”

እውነቱን ነው። አልጠየቀችውም። የጓሮውን በር ዘግታ መቀርቀሪያውን ሞከረችና ወደ መኪናው ሄደች።